የሮዝዌሉ ወንዝና የአሮጌው ሞተር እሳት

ከአትላንታ መሀል በ400 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን የወጣ ሰው የቻተሁቺን ወንዝ እንደተሻገረ ሮዝዌል ገባ ማለት ነው። ወንዙ እዚህ ጋ ወንዝ አይመስልም፤ የተኛ ውኃ ነው። በአዛሊያ መናፈሻ በኩል ማለዳ የደረሰ ሰው ወጣት ቀዛፊዎች በቀጫጭን ጀልባዎች ተሰልፈው ሲያልፉ፣ አሠልጣኞቻቸውም ትንሽ ሞተር ከኋላዋ ባንጠለጠለች ጀልባ ሲከተሏቸው ያያል። ውኃውን ያስተኛው የኤሌክትሪክ ፍላጎት ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ከሮዝዌል በታች የሞርጋን ፏፏቴ ግድብ ተሠርቶ ለአትላንታ የከተማ ባቡር ኃይል መስጠት ሲጀምር፣ ከግድቡ ጀርባ ቡል ስሉስ የሚባለው ሐይቅ ተፈጠረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ ከዚያም በፊት የምትኖረው በሚሽከረከር ነገር ነበር። በ1839 የተቋቋመው የሮዝዌል የጥጥ ፋብሪካ መዘውሩን የሚያዞረው በቪከሪ ክሪክ ውኃ ነበር። በሐምሌ 1864 የጄኔራል ጋራርድ ፈረሰኞች ፋብሪካዎቹን አቃጠሉ፤ በጄኔራል ሸርማን ትእዛዝም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴት ሠራተኞች ከልጆቻቸው ጋር ወደ ሰሜን ተጋዙ። ጥጥ፣ ውኃና መዘውር በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 ከተቋቋመ በኋላ፣ በ1964 ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ኃይሉን ሰጥቶታል።

በግድቡ ማመንጫ ውስጥም ሆነ በአሠልጣኙ ሞተር አናት ላይ ባለው ቮላኖ (ተሽከርካሪ ክብ ብረት) ሥር የሚሆነው አንድ ነገር ነው። ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ያልፋል፤ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሣል። ማይክል ፋራዴይ ይህን ያሳየው በ1831 ነው። ግድቡ ሲበላሽ የሚጠግኑት ባለሙያዎች ንድፉን ይዘው ይመጣሉ። አርባ ዓመት ያለፈው ጆንሰን ወይም ሜርኩሪ የጀልባ ሞተር የገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይዞ የሚቀርበው የባንክ ካርዱን ነው። ሞተሩ አልነሣ ሲል «እሳት የለም» ይባላል፤ አንድ ውድ ዕቃ ይገዛል። እሳቱ አሁንም የለም፤ ሌላ ይገዛል። በእኔ እምነት አሮጌ ሞተር ፊት የቆመ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «በስንት ዓመት ተሠራ?» መሆን አለበት። ዓመቱ እሳቱ በምን መንገድ እንደሚወለድ ይናገራል፤ መንገዱን ያወቀ ደግሞ የት ጋ እንደተቆረጠ ለማግኘት አይቸገርም።

ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለውን ሞተር ለገበያ ካበቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ የዲትሮይቱ ካሜሮን ዋተርማን ነው፤ ጊዜው የ1900ዎቹ አጋማሽ ነበር። ስሙን የወሰደው ግን የኖርዌይ ስደተኛው ኦሌ ኤቪንሩድ ሆነ። ለእጮኛው አይስክሬም ሊያመጣ በሐይቅ ላይ ሲቀዝፍ አይስክሬሙ ቀለጠበትና ሞተር መሥራት አሰበ የሚለው ወግ ሚልዋኪ ውስጥ እስካሁን ይነገራል። እውነትነቱን ለሚልዋኪዎች እንተወው። በ1909 ሽያጭ መጀመሩ ግን የታወቀ ነው። የያኔዎቹ ሞተሮች እሳታቸውን የሚያገኙት በጀልባዋ ወለል ላይ ከሚቀመጥ ደረቅ ባትሪና ከሚርገበገብ ቦቢና ነበር። ባትሪው በውኃ ይርሳል፣ ይደክማል፤ ሰውየውም መቅዘፊያውን ይዞ ይመለሳል። ማግኔቱን በራሱ በቮላኖው ውስጥ ቀብሮ ባትሪን ጨርሶ ማስቀረት ለዚህ ችግር የተገኘ መፍትሔ ነው። መኪና ተቃራኒውን መንገድ ያዘች፤ በ1910 የቻርልስ ኬተሪንግ የባትሪ ማቀጣጠያ ካዲላክ ላይ ከተገጠመ ወዲህ መኪና ቀስ በቀስ ያለ ባትሪ እሳት የማታገኝ ሆነች። የጀልባ ሞተር ግን ለረጅም ዘመን ከባትሪ ነጻ ሆኖ ኖረ። መኪና የለመደ መካኒክ ጀልባ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ «ባትሪው ሞቷል፣ ስለዚህ እሳት የለውም» ይላል። ገመድ ስቦ ቢሞክር ኖሮ ሞተሩ ሳይነሣለት አይቀርም ነበር።

ቮላኖው ሲዞር እየተከፈተ እሳቱን የሚያስነሣው የፑንቲና ዘመን እስከ 1970ዎቹ ድረስ ይዘልቃል። የ1950ዎቹን አንድ ጆንሰን ወይም ኤቪንሩድ እንክፈት። የገመዱ ሳጥን ይነሣል፣ ትልቁ ብሎን ይፈታል፣ ቮላኖው በመጎተቻ ይወጣል። በመዶሻ የሚመቱት አሉ፤ ማግኔቱንም ዘንጉንም ይጎዳልና አይመከርም። ከሥሩ በክብ ሳህን ላይ ሁለት ቦቢና፣ ሁለት ፑንቲና፣ ሁለት ኮንደንሰር ተደርድረዋል፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ። በዚያ ዘመን ቦቢናዎች ላይ መብራት ሲበራ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ስንጥቅ ነው። ሽቦውን የሸፈነው ማሸጊያ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ተሰነጣጥቆ፣ አንዳንዴም ተቆርሶ ይገኛል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተነሥቶ ሲሞቅ የሚጠፋው በዚህ የተነሣ ነው፤ እሳቱ ወደ ካንዴላው መሄዱን ትቶ በስንጥቁ በኩል ወደ ብረቱ ይሸሻል። እንዲህ ያለውን ቦቢና በቴስተር ለክቶ «ደህና ነው» ማለት ብዙዎችን አታሏል። ቴስተሩ የሚለካው በትንሽ ቮልት ነው፤ ስንጥቁ ግን የሚከፈተው በሺዎች ቮልት ነው። ስለዚህ የተሰነጠቀ ቦቢና ሳይለካ ይቀየራል።

ፑንቲናው ሌላ ነው። ክፍተቱ ሲከፈት 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ ለአብዛኞቹ የዚያ ዘመን ጆንሰንና ኤቪንሩድ ልኩ ይኸው ነው። ለዓመታት በጋራዥ የቆመ ሞተር የፑንቲናው ገጽ በቀጭን ዝገት ይሸፈናል፤ ኤሌክትሪኩም አያልፍም። እንደዚህ ያለው «የሞተ» ሞተር መድኃኒቱ የፑንቲና ማጽጃ ሞረድና ንጹሕ ወረቀት ነው፤ ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። ቮላኖው ሲመለስ ግን በዘንጉ ላይ ያለችው ትንሿ ቁልፍ ብረት መታየት አለባት። እሷ በከፊል ከተቆረጠች እሳቱ አለ፣ ጊዜው ግን ይዛባል፤ ሞተሩ ገመዱን ከእጅ እየነጠቀ ወደ ኋላ ይመታል። እሳት አለ ተብሎ ካርቡራቶሬ ሲፈታና ሲገጠም የሚዋለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ጆርጂያ ውስጥ የጀልባን ነገር የለወጠው የቢዩፎርድ ግድብ ነው። ግንባታው በ1950 ተጀምሮ በ1956 ሲያልቅ ከሮዝዌል በስተ ሰሜን ምሥራቅ የላኒየር ሐይቅ መሙላት ጀመረ። ወደ 700 የሚሆኑ ቤተሰቦች ከመሬታቸው ተነሡ፤ በምትኩ አትላንታ ወደ 150 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ መዝናኛ አገኘች። የጣና አንድ ሃያኛ ነው፤ ግን ጀልባው ይበዛል። ሰፊ ውኃ ትልቅ ሞተር ይጠይቃል፣ ትልቅ ሞተር ደግሞ በክንድ አይነሣም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሞተሪኖ የተገጠመላቸው የጀልባ ሞተሮች በብዛት ወጡ። ሞተሪኖው ባትሪ ፈለገ፣ ባትሪው ደግሞ የሚሞላው። መጀመሪያ በቀበቶ የሚዞር ዲናሞ ተገጠመ፤ ኋላ ሌላ ሽቦ በቮላኖው ሥር ተጠቅልሎ ያው ማግኔት ሁለት ሥራ ያዘ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ቢል ጥሩ ነው፤ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚህ ነውና። ከዚህ ዘመን ወዲህ በአንድ ቮላኖ ሥር ሁለት ቤተሰብ ይኖራል፦ እሳት የሚያመነጨውና ባትሪ የሚሞላው። ማግኔቱ የጋራ ነው፣ ሽቦዎቹ የተለያዩ ናቸው። ቻርጅ የማያደርግ ሞተር እሳቱ ደህና ሊሆን ይችላል፤ እሳት የሌለውም ባትሪ መሙያው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በብዙ አሮጌ ሞተሮች ሁለቱን የሚያገናኛቸው ፍጥነት ነው። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው ማቀጣጠያ በቂ ቮልት የሚያገኘው ሞተሪኖው ቮላኖውን በበቂ ፍጥነት ሲያዞረው ነው፤ በብዙዎቹ በደቂቃ 300 ዙር አካባቢ። ቻርጅ ያጣ ባትሪ ሞተሪኖውን ያዘገየዋል፤ ሞተሪኖው ሲዘገይ እሳቱ ይጠፋል፤ ሰውየው «ፓወር ፓኩ (የማቀጣጠያው ኤሌክትሮኒክ ሳጥን) ተቃጠለ» ብሎ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ጥፋቱ የባትሪው ጫፍ ላይ ያለው አረንጓዴ ዝገት ነበር።

ኤሌክትሮኒክሱ የመጣው በ1960ዎቹ ነው። የሜርኩሪው ካርል ኪክሄፈር «ተንደርቦልት» ያለውን ማቀጣጠያ ይዞ ወጣ፤ ጆንሰንንና ኤቪንሩድን የሚሠራው አውትቦርድ ማሪን ኮርፖሬሽንም በዚያው አሥርት መጨረሻ የራሱን አመጣ። በ1970ዎቹ ቴክኖሎጂው ከትልልቆቹ ወደ ትንንሾቹ ሞተሮች ወረደና ፑንቲናን አሰናበተ። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ በቮላኖው ሥር ያለ አንድ ጥቅል ከ150 እስከ 300 ቮልትና ከዚያም በላይ ያመነጫል። ፓወር ፓክ የሚባለው ሳጥን ያንን በካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅማል። ሌላ ትንሽ ጥቅል ፒስተኑ ቦታው ሲደርስ ምልክት ይሰጣል፤ ሳጥኑም ያጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ወደ ቦቢናው ይለቃል። ቦቢናው ወደ አሥር ሺዎች ቮልት ያሳድገውና ካንዴላው ላይ ይፈነዳል። በዚህ ሰንሰለት ላይ አንድ ተጨማሪ ሽቦ አለ፦ የማጥፊያው። ይህ ሽቦ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ እሳቱ ይሞታል።

ለምርመራው ይህ ሽቦ ቁልፉ ነው። በብዙዎቹ ጆንሰን፣ ኤቪንሩድና ሜርኩሪ ጥቁር ሆኖ ቢጫ መሥመር ያለው፣ በያማሃ ነጭ ነው። እሳት ሲጠፋ ከሁሉ በፊት ይህን ሽቦ ከፓወር ፓኩ ነቅሎ መሞከር ያስፈልጋል። እሳቱ ከተመለሰ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከቁልፉ፣ ከማጥፊያ ገመዱ ወይም ከጀልባዋ ሽቦ ነው። ሽቦው ተነቅሎ ሳለ ሞተሩ በቁልፍ አይጠፋምና ቾኩን ስቦ ወይም ቤንዚኑን ዘግቶ ማጥፋትን አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። የማጥፊያው ጉዳይ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ይበልጥ ገንኗል። የአሜሪካ ሕግ ከ26 ጫማ ያነሰች ጀልባ የሚነዳ ሰው ማጥፊያ መቆጣጠሪያው በተገጠመባት ጀልባ በፍጥነት ሲሄድ ገመዱን በአካሉ ላይ እንዲያስር አዟል። ሕጉ ነፍስ ያድናል፤ ውኃ ውስጥ የወደቀን ሰው የራሱ ጀልባ ዞራ እንዳትመታው ይከላከላል። ግን ለዓመታት ያልተነካ መቆጣጠሪያ በየቀኑ መሰካትና መነቀል ሲጀምር በውስጡ ያለው ዝገት ሥራውን ይሠራል። ሰዎች ክሊፑን ረስተው «እሳት ጠፋብኝ» የሚሉባቸው ቀናትም አይታጡም።

ከማጥፊያው ቀጥሎ የሚመጣው ማሳው ነው። ፓወር ፓኩም ቦቢናውም ሥራቸውን የሚጨርሱት ከሞተሩ ብረት ጋር ባላቸው ጥብቅ ግንኙነት ነው፤ አንድ የላላ ብሎን ሁሉንም ያሰንፋል። ከዚያ የእሳት መፈተሻ ይያዝ። ክፍተቱ ለፑንቲና ሞተር 6 ሚሊ ሜትር፣ ለኤሌክትሮኒክሱ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ይደረግና ሞተሩ ይዞር፤ ሰማያዊ እሳት ተንጣጥቶ መዝለል አለበት። ቢጫና ቀጭን ከሆነ አልበቃም። ካንዴላን ከብረት ጋር አስጠግቶ «ይኸው እሳት አለ» ማለት የሚያሳየው ትንሽ ነገር ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት እሳቱን ይበልጥ ያስቸግረዋል። አካባቢው የቤንዚን ጭስ የሌለበት መሆኑም አይዘንጋ። ከዚህ በኋላ ነው የጥቅሉ ቮልት በጫፍ ቮልት መለኪያ የሚታየው። ተራ ቴስተር በዚህ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ለመለኪያው የተለየ መጋጠሚያ አለ፤ ዋጋው ከአንድ ፓወር ፓክ ዋጋ በብዙ ያንሳል። መጋጠሚያው በእጃቸው ሳይገባ ፓወር ፓክ የሚገዙት ሰዎች ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

የቻርጁ ነገር ከእሳቱ ይቀላል። የቆመ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ተነሥቶ ከፍ ሲል ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ካልተነቃነቀ ቻርጅ የለም፤ ከ15 ካለፈ መቆጣጠሪያው ወድቋል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከነበሩት ብዙዎቹ ግን መቆጣጠሪያ እንኳ የላቸውም። አራት ዳዮድ ያለባት አንዲት ትንሽ ሬክቲፋየር ብቻ ናት ያለችው፤ ጥቂት አምፔር ትሰጣለች፣ ትርፉን አሲድ ያለበት ባትሪ ይዋጠዋል። ይህች ሬክቲፋየር በሁለት ነገር ትሞታለች፦ ባትሪ ተገልብጦ ሲታሰርና ሞተር እየሠራ ባትሪው ሲነቀል። የመጀመሪያው በአንድ ሰከንድ ያበቃል። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ጠቋሚ በብዙ ሞዴሎች የሚያነበው ከዚችው ሬክቲፋየር መስመር ስለሆነ፣ ጠቋሚው ድንገት ዜሮ ላይ ሲወድቅ ቻርጁም እንደቆመ መገመት ይቻላል። ሬክቲፋየሯን በቴስተር የዳዮድ መለኪያ ሁለቱንም አቅጣጫ መፈተሽ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ በአንዱ አቅጣጫ ታሳልፋለች፣ በሌላው አታሳልፍም። ሁለቱንም ካሳለፈች ወይም ሁለቱንም ካገደች ትቀየራለች። ከቮላኖው ሥር ቡናማ ሙጫ ቀልጦ ሲንጠባጠብ ከታየ ግን ጉዳዩ የሬክቲፋየር አይደለም፤ የሽቦው ጥቅል ራሱ ተቃጥሏል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት በጆርጂያ አየር ላይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሮዝዌል በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለችው ካልሁን አውትቦርድ ማሪን ኮርፖሬሽን ፋብሪካ ነበረው። ከሮዝዌል በስተ ምዕራብ ኬነሶ የያማሃ የአሜሪካ የባሕር ሞተር ንግድ መቀመጫ ናት። የመጀመሪያው ወድቋል፣ ሁለተኛው ጸንቷል። በ1996 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የጭስ ልቀት ገደብ ካወጣ በኋላ ባለ ሁለት ምቱ አሮጌ ሞተር ከአዲስ ገበያ ቀስ በቀስ ወጣ። አውትቦርድ ማሪን በታኅሣሥ 2000 ከሰረ፤ ቦምባርዲየር ኤቪንሩድን ገዝቶ አቆየው፤ በግንቦት 2020 ደግሞ ኤቪንሩድ ሞተር ማምረት እንዲቆም ተወሰነ። የላኒየር ሐይቅን ዳር የሞሉት የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ሞተሮች ግን አልወጡም። ከጋራዥ ወደ ጋራዥ ይዞራሉ፤ ዋጋቸው ስለሚረክስ የአገር ሰውም ይገዛቸዋል።

የአገር ሰው ስንል ጣናንም ማንሣት ግድ ነው። የነገደ ወይጦ የደንገል ታንኳ ከዘመን ዘመን ሐይቁን ሲያቋርጥ ኖሯል። በ1986 ከሆላንዷ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ከኡርክ ጋር የተያያዘ የአብያተ ክርስቲያናት በጎ አድራጎት በጀመረው ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገባ። ገበያው ለባሕር ዳር ጠቀመ፤ በሌላ በኩል በ1990ዎቹ ውስጥ የጣና ትልልቅ የባርበስ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል እንደወረደ ተመራማሪዎች ዘግበዋል። ሞተር የሚሰጠው ፍጥነት ዋጋ አለው።

ለእኛ ርዕስ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ያማሃ ለአፍሪካና ለእስያ ዓሣ አጥማጅ ብሎ «ኢንዱሮ» በሚል መጠሪያ የሚሠራቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ብዙዎቹ በገመድ የሚነሡ፣ ባትሪም የማይጠይቁ ናቸው። እሳታቸውን ከቮላኖው ራሱ ይወስዳሉ። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ የሠራ ሰው «ባትሪ» የሚል ሰበብ ስለሌለው ቀጥታ ወደ ማጥፊያው ሽቦ፣ ወደ ማሳውና ወደ ጥቅሉ ይሄዳል። የላኒየር ባለ ጀልባ ከዚህ መማር ይችላል። ጣና ላይ ያለው መካኒክ ደግሞ የላኒየሩ የማያውቀው ችግር አለበት፦ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ላይ ነው። ካርቡራቶሬው ለባሕር ዳርቻ አየር የተቀመጠ ሞተር እዚያ ሲደርስ አየሩ ይሳሳበታል፣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላውም ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል። ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ እሳት አይሰጥም፤ ግን ጥፋቱ የማቀጣጠያው አይደለም። ካንዴላ እየቀያየሩ ከመኖር የካርቡራቶሬውን ቀዳዳ በትንሽ ቁጥር መለወጥ ይሻላል።

ከአትላንታ ወደ ባሕር ዳር በሻንጣ ዕቃ የሚይዝ ወገን ብዙ ነው። ቦቢና፣ ሬክቲፋየር፣ ፓወር ፓክ፤ በስልክ «የጆንሰን 25 ነው» ተብሎ ይታዘዛል፣ ሲደርስ አይገጥምም። በመያዣው ብረት ላይ የተለጠፈችው ሰሌዳ ፎቶ ሳይላክ ዕቃ አይገዛ። ከ1980 ወዲህ በተሠሩት ጆንሰንና ኤቪንሩድ ላይ ዓመቱ በሁለት ፊደል ይጻፋል። ፊደላቱ INTRODUCES («ኢንትሮዱሰስ») ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰዱ ናቸው፤ አሥሩ ሆሄያቱ በተራ ከ1 እስከ 9፣ የመጨረሻው ደግሞ 0 ይቆማሉ። «ሲ» ስምንተኛው፣ «ኦ» አምስተኛው ነውና በሞዴሉ ቁጥር መጨረሻ አካባቢ «ሲኦ» ካለ ሞተሩ የ1985 ነው። ዓመቱ ከታወቀ የሚስማማው ዕቃ ይታወቃል። ሻንጣው ውስጥ ቦታ ካለ አንድ ቴስተርና አንድ የእሳት መፈተሻ ይጨመርበት፤ በእነዚህ ተፈትሾ ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ሌላው ዕቃ ይታዘዝ።